ቻለው ተፈታ

የውሻችን ስም ቻለው ነበር። ስሙን ያወጣለት አባቴ ነው፤ ያወጣው ግን ለውሻው ብሎ አልነበረም። ሱሉልታ፣ ኦቦ ሊቤ ግቢ ውስጥ ያለውን ባለ ሁለት ክፍል ቤት የተከራየን ዕለት፣ ዕቃችን ገና ከአይሱዙው ሳይወርድ ኦቦ ሊቤ ቡችላውን አይተው ፊታቸውን አጨፈገጉ። ጥጆች አሉኝ፣ ውሻ አልወድም፣ ስትከራዩ ስለ ውሻ ያነሳችሁልኝ ነገር የለም አሉ። አባቴ ሀብተወልድ አንገቱን ደፍቶ ሰምቷቸው ሲያበቃ፣ እስከዚያች ሰዓት ስም ያልነበረውን ቡችላ "ና ቻለው፣ ግባ ቻለው" ብሎ ጠራው። በእኛ አገር ሰው ለጎረቤቱ ፊት ለፊት ያልደፈረውን በውሻው ስም ይናገራል። ኦቦ ሊቤ ነገሩ ገባቸው። "ቀን ቀን ይታሰራል" ብለው በሩን ለቀቁልን።

ቻለው አደገ፤ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። ኦቦ ሊቤ አንድም ቀን በስሙ ጠርተውት አያውቁም። "ሰሬ" ይሉታል፣ ውሻ ማለታቸው ነው።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ የሱሉልታ ሣር ታጭዶ በየግቢው ድርቆሽ በሚከመርበት በጥቅምት፣ አባቴ ለንብረት ቆጠራ ሄደ ተባልን። ገላን በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ስለነበር ቆጠራ የሚባለው ነገር ለቤታችን አዲስ አይደለም። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ጥቂት ቀን ያመሽ ነበር። አሁን ግን ወሩ ሰኔ አይደለም፤ እሱም አምሽቶ አልመጣም። እናቴ ማሪቱ፣ ዘንድሮ ዕቃው በዝቶ ነው አለችን። እኔም አባቴን ጣሪያው በማይታይ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲቆጥር፣ ቁጥሩ ሲጠፋበት እንደገና ከአንድ ሲጀምር በዓይነ ኅሊናዬ አየሁት። ከአንድ የሚያስጀምረው ሰው ላይ ተናደድኩ።

አባቴ የሚቆጥረው ነገር አልነበረም። ከመጋዘኑ ዕቃ ጎድሎ፣ ቁልፍ ከሚይዙት ሰዎች አንዱ እሱ ስለነበር ተጠርጥሮ ታስሮ ነበር። ይህን እኔ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ የሚያነብልኝ ሰው ግን ከአሁኑ ቢያውቀው ይሻላል። ዛሬ ሥራዬ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ነው። ያየሁትንና የገመትኩትን ለይቼ መጻፍ ለምጃለሁ። ያን ጊዜም ቢሆን ማየቱ አልጎደለኝም፤ ያየሁት ሁሉ ልክ ነበር። ግምቴ ነው አንድም ሳይቀር የተሳሳተው።

በዚያው ሳምንት ከትምህርት ቤት ቀረን። እናቴ፣ ትምህርት ቤቱ ሰነፍ ነው፣ ከእነሱ የተሻለ እኔ አስተምራችኋለሁ አለችን። ያለቀ ባትሪ ሰብራ ውስጡን ጥቁሩን በውሃ በጥብጣ የማድቤቱን በር ቀባችውና ሰሌዳ ሆነ። ሕጉንም ነገረችን። ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት እማዬ የለችም፤ ያለችው ቲቸር ማሪቱ ናት። መናገር የፈለገ እጁን ያወጣል። ወደ ውጭ መውጣት የፈለገ ያስፈቅዳል።

ትምህርቱ የሚካሄደው ከቤት ሥራው ጋር ነው። ሳፋው ማድቤቱ ደጃፍ ይቀመጣል፤ ቲቲ፣ ገና ዓመት ያልሞላት እህቴ፣ ጀርባዋ ላይ ትታዘላለች፤ እናቴ የቲቲን ጨርቆች እያሸች ቃል ታጽፈናለች። ሽንኩርት ስትከትፍ ማካፈል እንማራለን። ወጡ ሲያር ዕረፍት ይሆናል። ወንድሜ አማኑ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ አንድ ቀን ፊደል ተሳስቶ ስትቆጣው እጁን አወጣና፣ "ቲቸር፣ እማዬን ጥሪልኝ" አላት።

እናቴ ቾኩን እንደያዘች ቆመች። "ስትመጣ እነግራታለሁ" አለችው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ቾኩን አስቀምጣ፣ "እማዬ መጣች" ብላ አቀፈችው። እሱም ቲቸር እንዴት ክፉ እንደሆነች ዘርዝሮ ነገራት።

ከትምህርት ቤት ያስቀረችን የክፍያው ነገር አንድ ምክንያት ነበር። ዋናው ግን የአማኑ አፍ ነው። አማኑ የሰማውን ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ያወራል፤ የኦቦ ሊቤ የልጅ ልጆች ደግሞ እዚያው ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር። ከእኛ በፊት ያንን ቤት የተከራየውን ሰው ፖሊስ ፈልጎት ሲመጣ፣ ኦቦ ሊቤ በዚያው ቀን ዕቃውን አውጥተው አስፋልቱ ዳር እንዳስቀመጡበት ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። አልጋው ዝናብ ሲመታው አይቻለሁ የሚል ሰው እንኳ ነበር። ስለዚህ የእናቴ ጭንቀት ሁለት ነበር፤ አባቴ መፈታቱ፣ እስኪፈታም ድረስ ኦቦ ሊቤ አለማወቃቸው። ሦስት ልጅ ይዛ አስፋልት ዳር መውደቅ በዓይኗ ላይ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ የአባቴን ሸሚዞች ታጥባለች። ይህ አስገረመኝ፣ ምክንያቱም ሸሚዞቹ አልቆሸሹም። ከቁም ሳጥን ታወጣቸዋለች፣ ሳፋው ውስጥ ትነክራቸዋለች፣ ከኦቦ ሊቤ በር ትይዩ ባለው ገመድ ላይ ዘርግታ ታሰጣቸዋለች፤ ሲደርቁ ተኩሳ ትመልሳቸዋለች። አንገታቸውን አይቼ፣ እነዚህ እኮ ንጹሕ ናቸው ብላት፣ ሸሚዝ ሳይለበስም አቧራ ይይዘዋል አለችኝ። አመንኳት። እናቴ ከሁሉ ሰው የበለጠ ጽዱ ናት ብዬ ደመደምኩ።

ያልገባኝ የስልኩ ነገር ነው። ቡራዩ የሚኖረው አጎቴ አበራ፣ የሚኒባስ ሹፌር ነው፣ በየምሽቱ ይደውላል። በኦቦ ሊቤ ቤትና በእኛ ቤት መካከል ያለው ግድግዳ ጭቃ ነው፤ እሳቸው ሲያስነጥሱ አማኑ ከዚህ ወገን "ይማርዎ" ይላል። እናቴ ግን ድምፅዋን ዝቅ አታደርግም። ስለ ውሻው ነዋ የምታወራው።

"ቻለው እንዴት ዋለ? እንደታሰረ ነው? ... ጉንፋኑስ? ... አይ፣ ብርዱ ነው። ቻለው ብርድ አይችልም። ... የላክሁለትን በላ?"

ወጥቼ ቻለውን አየዋለሁ። አፍንጫው እርጥብ ነው። አያስልም። ሣህኑ ተልሶ ያበራል። ደግሞስ ስለ ውሻው አጎቴ ምን ያውቃል? ቻለው ያለው እዚህ፣ አጎቴ ያለው ቡራዩ። ጠያቂዋ እናቴ፣ መላሹ አጎቴ መሆናቸውን ልብ ብያለሁ። እንግዳ ነገር መሆኑም ገብቶኛል።

እሑድ እሑድ አጎቴ ይመጣል፤ እናቴ በፌስታል የቋጠረችውን በሶና ቆሎ "ለቻለው ነው" እያለች ትሰጠዋለች። አንድ እሑድ ብርድ ልብስ ሰጠችው። ነብር የተሳለበት፣ የነብሩ ጆሮ ላይ ካውያ አቃጥሎት ጠርዙ የጠቆረ፣ እኔና አማኑ የምንለብሰው ብርድ ልብስ ነበር። "ለቻለው" አለች። ውሻ በሶ አይበላም። ውሻ ቆሎ ሲቆረጥም አላየሁም። ብርድ ልብሱም ወደ ቻለው ማደሪያ ሳይሆን በአጎቴ ብብት ሥር ሆኖ በበሩ ወጣ።

ብዙ ካሰብኩ በኋላ መልሱን አገኘሁት። አጎቴ አበራ ተቸግሯል። የሚበላው የለውም፣ ይበርደዋል፤ እንዳያፍር እናቴ በውሻው ስም ትሰጠዋለች። ካሰብኩት ሁሉ ከማየው ጋር የሚገጥመው ይህ ብቻ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ከቁርሴ ያስቀረሁትን ዳቦ ይዤ በሩ ጋ ጠበቅኩትና ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት።

"ይሄ ምንድን ነው፣ ዕድሌ?" አለኝ።

"ለአንተ ነው" አልኩት። "ለቻለው አይደለም።"

አጎቴ ቀልደኛ ሰው ነው፤ ልጅ ሳያስቅ አያልፍም። ያን ቀን ግን አልሳቀም። እናቴን አያት፣ እናቴ መሬት አየች። ዳቦውን በኪሱ እንደያዘ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ነው ያንን ዓረፍተ ነገር የሰማሁት። ምሽት ነው፤ አማኑና ቲቲ ተኝተዋል፣ እኔ የተኛሁ መስያለሁ። አጎቴ በስልክ ስለ ትምህርታችን ጠይቋት መሆን አለበት። "አይሆንም" አለችው። "ቻለው ካልተፈታ ልጆቹን ትምህርት ቤት አልመልስም።"

ይህ ግልጽ ነበር። እስከዚያ ከሰማሁት ሁሉ ግልጹ ይህ ነበር። የምቀመጥበት መስኮት ሥር ያለው ዴስክ፣ ጓደኛዬ ሬሐና፣ የዕረፍት ደወል፣ ሁሉም በአንድ ሰንሰለት ተይዘዋል። አባቴ ከሄደ ወዲህ ቻለው ማታም አይፈታም፤ እናቴ ጨለማ ውስጥ ወጥታ መፍታቱን ፈርታ ይሁን ረስታ አላውቅም። ሰንሰለቱ ያለው ግን እጄ በሚደርስበት ቦታ ነው።

ሐሙስ ነበር። እናቴ ከጠዋት ጀምሮ ስልኳን ከሳፋው አጠገብ ዱካ ላይ አስቀምጣ በየመካከሉ እጇን እየጠረገች ታየዋለች። ያን ቀን አባቴ ፍርድ ቤት ይቀርብ ነበር። እኔ የማውቀው ቃል ጽሕፈቱ መበላሸቱን ነው። "ዝናቡ ቆመ" አለች፤ ጻፍን። "ዝናቡ ቆመ" አለች እንደገና። አማኑ ደግሞ ጻፈው። ሦስተኛ ጊዜ ስትለው አማኑ እጁን አውጥቶ፣ "ቲቸር፣ ስንት ጊዜ ነው የሚቆመው?" አላት። አልሰማችውም።

እጄን አወጣሁ። ሽንት ቤት አስፈቀድኩ።

ግቢው ውስጥ ድርቆሽ የጫነ መኪና ገብቶ ልጆች እያራገፉ ነበር፤ ትልቁ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ኦቦ ሊቤ መንሽ ይዘው ክምሩ ላይ ቆመዋል። ማንም አላየኝም። የቻለውን ማሰሪያ ከአንገቱ ፈታሁት። መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰም። ተፈቶም እንደታሰረ ቁጭ አለ፤ ሰንሰለቱ የሚደርስበትን ርቀት አንገቱ ያውቀዋል። ከኋላው ገፋሁት። አንድ እርምጃ ሄደ፣ ሌላም ጨመረ፤ የሚይዘው ነገር ሲያጣ እንደ ቀስት ተወረወረ። የኦቦ ሊቤን ጥጃ አንድ ዙር አሯሩጦ፣ በልጆቹ እግር መካከል ሾልኮ፣ በትልቁ በር ወጣ።

ወደ ማድቤቱ ደጃፍ ተመለስኩ። ሕግ ሕግ ነው፤ ቆሜ እጄን አወጣሁ።

"እሺ፣ ዕድላዊት" አለች፣ ዓይኗ ስልኩ ላይ ሆኖ።

"ቲቸር፣ ቻለው ተፈታ።"

እጆቿ ሳፋው ውስጥ ቆሙ።

"ማን ነገረሽ?"

"በዓይኔ አየሁት። አስፋልቱ ጋ ነው።"

እናቴ ተነሳች። ሳፋው ተገለበጠ። እጇ እስከ ክርኗ ሳሙና እንደሆነ፣ ቲቲ ጀርባዋ ላይ እየዘለለች፣ አንዱ ነጠላ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ ግቢውን አቋርጣ ሮጠች። ቲቲ ጨዋታ መስሏት ትስቃለች። ድርቆሽ የሚያራግፉት ልጆች ሥራቸውን አቁመው መንገድ ለቀቁላት። እናቴም በሩ ላይ ስትደርስ ተጣራች።

"ሀብቴ! ሀብቴ!"

ከኋላዋ እየሮጥኩ ነበር፤ ጥሪው ግራ አጋባኝ። ውሻውን በአባቴ ስም ትጠራዋለች?

አስፋልቱ ዳር ቆመች። ወደ አዲስ አበባ የሚወርዱ ሚኒባሶች ያልፋሉ፣ ረዳቶች ይጣራሉ፤ አንድ አህያ የወተት ጀሪካን ተጭኖ ይሄዳል። ወደ ቀኝ አየች፣ ወደ ግራ አየች፣ እንደገና ወደ ቀኝ። ከሚኒባስ የወረደ ረጅም ሰው ነበር፤ እስኪዞር ጠበቀችው። ዞረ። አልነበረም። ከዚያ ቻለው ከቦዩ ወጥቶ ጭራውን እየቆላ መጣና ባዶ እግሯን ላሰ።

ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ትንፋሿ አልመለስ ብሏት ቆየ። ቻለው ጭኗ ላይ ራሱን ሲያስቀምጥ ሳሙና በሆነው እጇ አቀፈችው፤ እናቴ ውሻ አቅፋ አታውቅም። ይህን ያህል ትወደዋለች ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። በሕይወቴ ካሰብኳቸው የተሳሳቱ ነገሮች ውስጥ እስከ ዛሬ የሚያመኝ ይህ ነው።

"ማን ፈታው?" አለችኝ በመጨረሻ።

"እኔ።"

"ለምን?"

"ቻለው ካልተፈታ ትምህርት ቤት አልመልሳቸውም ስላልሽ።"

ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እጇን ራሴ ላይ አደረገች፤ የሳሙናው አረፋ በጆሮዬ በኩል ወረደ፣ ቀዝቃዛ ነበር።

ቀና ስንል ኦቦ ሊቤ መንሻቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመዋል። "ማል ተኤ፣ ማሪቱ? ምን ሆነሽ ነው?" አሉ።

"ውሻው አምልጦኝ ነው፣ ኦቦ ሊቤ" አለች እናቴ ተነሥታ።

ውሻውን አዩት። እሷን አዩዋት። "ሀብቴ የሚባል ውሻ አለሽ እንዴ?"

መልስ ሳይጠብቁ ዞረው ወደ ድርቆሻቸው ገቡ።

ቻለውን አሰርነው። እናቴ ሳፋውን አነሳች፣ ጨርቆቹን ከጭቃው ለቅማ እንደገና አጠበቻቸው፣ ቾኳን አነሳች። "የት ደርሰን ነበር?" አለች። "ዝናቡ ቆመ ላይ" አልናት። "ገበሬው ማጨድ ጀመረ" አለች። እስከ ስድስት ሰዓት አስተማረችን። ስድስት ሰዓት ሲሆን ግን "እማዬ መጣች" አላለችም። ምሳችንን ሰጥታን ወደ ውስጥ ገባችና ከአልጋው ሥር ሻንጣ አወጣች። የሸክላ ሣህኖቹን በልብስ እየጠቀለለች ትከታለች። ኦቦ ሊቤ ሳያወጡት የራሷን ዕቃ በራሷ እጅ ልታወጣ ነበር። እኔ ደግሞ የሚቀጣው ውሻው ነው፣ ጥጃ አባርሯልና፣ ብዬ ማሰሪያውን ይዤ ቻለው አጠገብ ተቀመጥኩ።

አሥር ሰዓት ገደማ ኦቦ ሊቤ መጡ። እናቴ "ይግቡ" አለቻቸው። አልገቡም። ደጃፉ ላይ ቆመው መጀመሪያ የልብስ ገመዱን፣ ከዚያ ሻንጣውን አዩ። ግድግዳው ጭቃ መሆኑን እሳቸውም ያውቃሉ፤ ከግድግዳው ወዲያ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም።

"ውሻሽን ለማስፈታት ምን ይጠይቃሉ?"

እናቴ አንድ ሣህን በእጇ እንደያዘች ቀረች።

"ዋስ" አለች። "ቤት ወይም ቦታ ያለው ሰው። ዛሬ ዋስ ይጥራ ተብሎ ነበር፤ አጣን።"

"ወንድምሽስ?"

"እሱም እንደኛ ተከራይ ነው።"

ኦቦ ሊቤ መሬት አዩ። "ነገ ካርታዬን ይዤ እሄዳለሁ። ወንድምሽ መጥቶ ይውሰደኝ።" እናቴ ወደ ጉልበታቸው ልታጎነብስ ስትል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። "ቆይ፣ አልጨረስኩም። ከተፈታ በኋላ ቤቴን ትለቁልኛላችሁ። ሰው ያወራል፤ እኔም ልጆች አሉኝ።"

"እሺ" አለች እናቴ።

"ሻንጣውን ግን አሁን ፍቺው።"

ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ ሁሉም ገብቶኛል። ቻለው ጥጃ ስላባረረ ተከሷል። ሁለተኛ እንደማያባርር ዋስ የሚሆንለት ሰው ያስፈልጋል፤ የጥጃው ባለቤት ራሳቸው ጣቢያ ድረስ ሄደው ዋስ ሊሆኑለት ነው። ሰው እንዲህ ደግ ሊሆን ይችላል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ቻለውን በጆሮው፣ ሁለተኛ እንዳታሳፍረኝ አልኩት።

በማግስቱ ኦቦ ሊቤ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከአጎቴ ጋር በሚኒባሱ ሄዱ። ትምህርት ግን አልቀረልንም። ሰሌዳው ላይ የመደመር ጥያቄዎች ነበሩ፤ እናቴ ከእያንዳንዱ ቁጥር በኋላ ስልኩን ታያለች። ስልኩ ጠራ። አነሳችው፤ ሰማች ብቻ። ዘጋችውና ወደ ሰሌዳው ዞራ በመዳፏ ጥያቄውን ሁሉ ደመሰሰችው። ከዚያ ለእኛ ይሁን ለሰሌዳው ሳያስታውቅ፣ ቀስ ብላ፣

"ቻለው ተፈታ" አለች።

ወጥቼ አየሁ። ቻለው ማደሪያው ደጃፍ ተኝቷል። ማሰሪያውን ነካሁት፣ ሰንሰለቱን እስከ ግንዱ ድረስ ተከተልኩት። ተመለስኩና እጄን አወጣሁ።

"ቲቸር፣ አልተፈታም። አረጋግጫለሁ።"

እናቴ ሳቀች። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያልሳቀችውን ሳቅ በአንድ ላይ ሳቀችው፤ አማኑም ምን እንደሆነ ሳያውቅ ሳቀ፤ ከግድግዳው ወዲያም የሆነ ሰው "እልልል" አለ።

ማምሻውን አባቴ ገባ። ጢሙ አድጓል፣ ቀበቶ የለውም፣ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዟል። በትከሻው ላይ ብርድ ልብስ ደርቧል። ሁሉም ሲያቅፈው እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ፤ የማየው ብርድ ልብሱን ነበር። ነብር አለበት። የነብሩ ጆሮ ተቃጥሏል።

ለቻለው የተላከው ብርድ ልብስ ነው። አባቴን አየሁት፣ በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ቆሞ የሚያለቅሰውን ውሻ አየሁት፤ በሶውን፣ ቆሎውን፣ ጉንፋኑን፣ ንጹሕ ሸሚዞቹን አንድ በአንድ ከመጀመሪያው እንደገና ሠራኋቸው። አባቴ ሳለ። ያ ጉንፋን ነው።

"ቆጠራው አለቀ?" አልኩት።

"አለቀ፣ ዕድሌ" አለኝ። እኔም ሌላ አልጠየቅኩም። እሱ እንዳወቅኩ አላወቀም፤ ወይም አውቋል። በቤታችን ይህ ነገር ስሙ ተጠርቶ የተነገረው ካደግን በኋላ፣ ዕቃውን የወሰደው ሌላ ሰው መሆኑ ተረጋግጦ አባቴ ነጻ ከወጣ ከዓመታት በኋላ ነው።

በቃላችን መሠረት ቤቱን ለቀቅን። የሄድነው ቡራዩ፣ አጎቴ ወደተከራየባት አንድ ክፍል ነው፤ ለሰው ያልበቃች ክፍል ለውሻ አትሆንም። አይሱዙው ሲንቀሳቀስ ቻለው ሰንሰለቱ እስከሚፈቅድለት ድረስ ተከተለን። አባቴ ወደ ኋላ አላየም። እኔ ደግሞ እስከ አሥራ ስድስት ዓመቴ ድረስ፣ ቻለው የቀረው የአባቴ መያዣ ሆኖ ነው ብዬ አምን ነበር። እናቴ ናት ያረመችኝ። ውሻውን ኦቦ ሊቤ አልጠየቁም፤ የለመነቻቸው እሷ ነበረች፤ እሳቸውም "ይቆይ" አሉ።

አምና የሥራ ነገር ሱሉልታ ወሰደኝ። ግቢው ግማሹ ፎቅ ሆኗል፣ ድርቆሽ የለም። ኦቦ ሊቤ ፀሐይ ላይ ወንበር አስወጥተው ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። ማንነቴን ስነግራቸው እጄን ይዘው አልለቅ አሉኝ። መቼ እንዳወቁ ጠየቅኳቸው።

"በመጀመሪያው ሳምንት" አሉኝ። "እናትሽ ሸሚዝ ታሰጣለች፤ ካልሲ አታሰጣም። እግር የሌለው ሰው ነው ሥራ የሚሄደው?"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"እሷ ዝም አለቻ።"

ለምን እንዳስለቀቁን አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም አላነሱትም። ስለ ውሻው ጠየቅኳቸው። አርጅቶ እንደሞተና ከበረቱ ኋላ እንደቀበሩት ነገሩኝ። ቀን ቀን ይታሰር እንደነበር ስጠይቃቸው አይ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። "አባትሽ ተፈትቶ ውሻውን አስሬ ልቀመጥ?"

ከዚያ፣ ለዓመታት ይዘውት የቆዩት ጥያቄ እንደሆነ በሚያስታውቅ ድምፅ፣ "ስሙን ያን ቀን ያወጣው ለእኔ ነበር፣ አይደል?" አሉኝ።

"አዎ፣ ኦቦ ሊቤ።"

"ንገሪው እንግዲህ" አሉ። "ቻልኩት።"